ለኮርሳዬ የገዛሁት ጡሩምባ

ሳይክል መንዳት አያሳፍርም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪው ይነዳል፣ ተላላኪው ይነዳል፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ይነዳል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሚያሳፍረው ኮርሳ፣ የእሽቅድድም ሳይክል ነው። የኔዋ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፣ ጎማዋ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማይወፍር፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ጣራ ላይ ታስራ የመጣች ቀይ ኮርሳ ናት። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ወደ ግቢ ሳስገባት አየችና፣ «ቀንድ ካላት እንግዲህ መታለቧ አይቀርም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ለምን እንደገዛኋት ላስረዳ። እኔ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ደም መርማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት ሳይ እውላለሁ፤ ያገኘሁትን ወረቀት ላይ ጽፌ በትንሿ መስኮት ለሐኪሙ አሳልፋለሁ። ውጤቱ ክፉ ሲሆን ሰውየውን ጠርቶ የሚነግረው ሐኪሙ ነው። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ለማንም ክፉ ወሬ በአፌ ነግሬ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ዕድል እቆጥረው ነበር። አንድ ቀን የራሴን ደም መረመርኩና ስኳሬ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ለራሴ እንኳ መንገር ከብዶኝ ውጤቱን ጽፌ እንደ ሌላው ሰው በመስኮቷ አሳለፍኩት። ሐኪሙ ስሜን አንብቦ ሳቀ፤ ከዚያ ሆድህን ቀንስ፣ እግርህን አንቀሳቅስ፣ ጉልበትህ ለሩጫ ካልሆነ ሳይክል ግዛ አለኝ። ነገር ስይዝ ደግሞ በልክ መያዝ አላውቅበትም። ተራ ሳይክል መግዛት ስችል ኮርሳ ገዛሁ።

ሳይክሏን ከመንዳቴ በፊት ቪዲዮ ሳይ ሰነበትኩ። ኮርሳ የገዛ ሰው አብሮ ምን ምን መግዛት እንዳለበት የሚያስተምሩ ሰዎች ስልክ ውስጥ ሞልተዋል። ሁሉም ቀጫጭኖች ናቸው፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ ሁሉም የሚነዱት ሰውም ከብትም በሌለበት አስፋልት ላይ ነው። አንዱ ሄልሜት ይቅደም ይላል፣ ሌላው መብራት፤ ሌላው ፖምፓ ሳይዝ ከቤት የሚወጣ ሰው ሞኝ ነው ይላል። የሁሉንም ቃል ሰምቼ ሁሉንም ለመግዛት ወሰንኩ።

መናኸሪያው አጠገብ የሳይክልና የሞተር ዕቃ የምትሸጥ ሴት አለች። ሄልሜቱን ከመደርደሪያ አውርዳ አናቴ ላይ ስታስቀምጠው እንደ ትንሽ መሶብ ክዳን ከላይ ተንሳፈፈ። ትልቁን ስጪኝ አልኳት። ትልቁ እሱ ነው አለችኝ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያዩናል፤ አንዷ ሕፃን ያዘለች ሴት እስኪገባልኝ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። በመጨረሻ ባለሱቋ ማሰሪያውን እስከ ጫፉ ለቀቀችውና ጭንቅላቴ ገባ። ፖምፓውን ስመርጥ የኮርሳ ጎማ አፍ ቀጭን ስለሆነ መቀነሻ ያስፈልጋል ብላ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ነሐስ ጨመረችልኝ። ፓራፋንጎ ብንሞክር አልገጥም አለ፤ ጭቃውን በጀርባዬ ልቀበለው ተስማማሁ። ለፊት ብርቱ መብራት፣ ለኋላ ቀይ፣ ለጎማው መለዋወጫ ከመነዳሪና ማስቲሽ፣ የውኃ መያዣ፣ ባለ ሰንሰለት ቁልፍ አስጠቀለልኩ። ቀረ የምለው አንድ ነገር ነበረኝና እሱን ስጠይቅ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያቺን መቀመጫዋ ላይ ስፖንጅ ያላትን ቁምጣ ነው?» አለች።

አዎ፣ እሷን ነው። ከጉልበት በላይ የምትቀር፣ ጥቁር፣ ገላ ላይ ልጥፍ የምትል ቁምጣ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ሰዎች ያለ እሷ መቀመጥ አይቻልም ብለው ምለው ተገዝተዋል፤ እውነታቸውንም ነው። ቤት ወስጄ ለብሻት ወጣሁ። እህቴ አየችኝ፣ ሄደች፣ እንደገና ተመልሳ አየችኝ። «እንዲህ ሆነህ በዋናው መንገድ ልታልፍ ነው? ዓይንህን በጨው አጥበህ?» አለች።

አለፍኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ዳቦ ቤቱ ፊት የተሰለፉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አንድ ሁልጊዜ ክሊኒካችን የሚመጡ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ «ዶክተር፣ ምነው ሱሪዎን ማን ወሰደብዎት?» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ቁምጣ ሆኖ ሰው ማረም አይቻልም። ሽምቅቅ ብዬ ዞሬ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሳያየኝ መውጣት ጀመርኩ። ሰማዩ ገና ሳይገረጣ እነሣለሁ፤ የአንኮበርን መንገድ እይዛለሁ፤ የከተማው ሰው ፊቱን ታጥቦ ሳይወጣ ተመልሼ ቤት እገባለሁ። የደብረ ብርሃንን ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ጭኔ በብርድ እየነደደ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ እነዳለሁ። ብርዱን ከእፍረት መረጥኩ። አሁን ሳስበው የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ምርጫዬ ነው፤ ሱሪ ለብሼ በቀን ብነዳ ኖሮ ማንም ምንም አይሆንም ነበር።

የአንኮበር መንገድ በዚያ ሰዓት የኔ ብቻ አይደለም። ጭድና ኩበት፣ የባሕር ዛፍ እንጨት የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ የሚገቡት ያኔ ነው። መንገዱን ሞልተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። «ዞር በሉ!» ብዬ ብጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል፤ ባለቤቶቻቸው ደግሞ ከኋላ በጨለማው ውስጥ ናቸው፣ አይሰሙኝም። አንድ ቀን ከአንዲት አህያ ጭነት ጋር ተላተምኩና ቦይ ውስጥ ገባሁ። አህያዋ መሄዷን አላቋረጠችም። እነዚያ ቪዲዮ ላይ የሚስቁ ሰዎች ይህን አልነገሩኝም ብዬ እየተናደድኩ ተመልሼ ሱቋ ሄድኩ።

ባለሱቋ መጀመሪያ ያወጣችልኝ ትንሽ ደወል ነበር። በአውራ ጣት ሲነኩት ቅጭልጭል ይላል። ይቺ ጠቦት እንኳ አታስነሣም ብዬ ናቅኳት። ከዚያ ከታች ከካርቶን ውስጥ ጡሩምባውን አወጣች። አፉ የናስ ነው፣ ከኋላው የብርቱካን መጠን ያላት ጥቁር የላስቲክ ኳስ አለችው፤ ኳሷን ሲጨምቋት ወፍራም፣ ሻካራ፣ ረጅም ድምፅ ያወጣል። አንድ ጊዜ ጨመቅኩት፤ በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎላጅ ደላላ ብድግ ብሎ ቆመ። ይሄን ነው የምፈልገው አልኩ። የሚገርመው እሷም እኔም እዚያው ከተማ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን፤ ግን አንዳችንም ያ ድምፅ ምን እንደሚመስል አላሰብንም። እኔ የማስበው አህዮቹን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እማማ መናገር አለብኝ። ከኛ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሥራ ሲያጣ ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ዳር ነው። ነገ ጀልባ እንሳፈራለን ብሏቸው ስልኩ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እማማ ስልካቸውን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርገው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንኳ አያወልቁትም።

የሚፈሩት ግን ስልኩን አልነበረም። በኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲያው በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማና ማታ ማታ ይንሾካሾካል፤ ሲነጋጋ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ይሰበሰባል፤ በር ሲከፈት መርዶ ይሆናል። ጎረቤት ያለ ነገር በዚያ ሰዓት በር ላይ አይቆምም። ስለዚህ እማማ የሚፈሩት ንጋትን ነበር። ቀኑ አንዴ ከነጋና ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ፤ ለዛሬ ተረፍኩ የሚሉ ይመስል ነበር።

ጡሩምባውን ባሰርኩ ማግስት፣ ገና ድንግዝግዝ እያለ፣ ቁምጣዬን ለብሼ ወጣሁ። ከኛ በር ወደ ታች እንደወረድኩ መንገዱን በግ ሞልቶት አገኘሁት። ነጂያቸው ለገበያ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ልክ እማማ በር ፊት ቦታው ሰፋ ሲልላቸው ተበትነው ቆመዋል። ደስ አለኝ። አዲሱን ዕቃ ልሞክረው ነው። አንድ ጊዜ በረጅሙ ነፋሁት። በጎቹ ብትንትናቸው ወጣ። ጥሩ ነው አልኩና ደገምኩት፣ ሠለስኩት። በጎቹም ነጂያቸውም በታችኛው መታጠፊያ ሮጠው ተሰወሩ።

ከዚያ በየግቢው መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማሁ።

ሰው ሲሞት የእድራችን ለፋፊ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ልክ በዚያ ዓይነት ድምፅ ነው የሚነፋው። ጡሩምባውን ያሰማና ቆም ብሎ የሟቹን ስም ይጠራል። ሰዉ ስሙን ለመስማት ጋቢውንና ነጠላውን እያጣፋ ወጣ፤ ከላይም ከታችም መጥቶ ድምፁ ከተሰማበት ቦታ፣ እማማ በር ፊት ቆመ። «ማነው? ማነው የሞተው?» እየተባባለ ይጠያየቃል። እኔ ወዲያው «ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰዎቹን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁምጣዬ ነው። ሳይክሏን ይዤ ከመብራት ምሰሶው ጥግ ካለው የድንጋይ ክምር ኋላ ጎንበስ አልኩ። እስኪበተኑ ልጠብቅ አስቤ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

አረንጓዴው በር ተከፈተ። እማማ ሻሻቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ ብቅ አሉ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በጨለማ፣ በነጠላ፣ በራቸው ላይ ቆሟል። ምንም አልጠየቁም። «ልጄን!» ብለው ጮኹና እደጃፉ ላይ ተዘረፈጡ።

ከዚያ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል፤ ግን ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ሰዉ የሞተው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነበር የቆመው፤ እማማ ሲጮሁ ሰምቶ የሞተው ልጃቸው ነው ብሎ አመነ። ወሬው ለሳቸው ደርሷል ማለት ነው ብሎ ሴቱ ደረቱን እየመታ አብሮ ጮኸ። እማማ ደግሞ ሰዉ ሲያለቅስ ሲያዩ ያላቸው ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። እሳቸው በሰዉ፣ ሰዉ በሳቸው አረጋገጠ። ጎረቤቶቻቸው በስሙ እየጠሩ ሙሾ አወጡለት፤ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ለእናቱ ውኃ ሲቀዳ የነበረውን ሁሉ አነሡ። እኔም ከድንጋዩ ኋላ ሆኜ ለአፍታ አመንኩ። እውነት ሞቷል ማለት ነው፣ ጡሩምባዬ ከመርዶው ጋር ገጠመ ብዬ አሰብኩ።

ለቅሶውን ያስቆመው ለፋፊው ነው። ጋቢውን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ባዶ እጁን መጣና፣ «ማነው የነፋው? እኔ አልነፋሁም!» አለ። የእድራችን ዳኛ፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ፣ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙ። ወሬውን ከማን ሰማችሁ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ እማማ ጠቆመ፤ እማማ ደግሞ ወደ ሁሉም።

ያኔ ወጣሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? በዚያ ቁምጣ፣ በዚያ የመሶብ ክዳን፣ ሳይክሏን እየገፋሁ ሰዉ መሐል ቆምኩ። ጡሩምባውን አሳየሁ። «በጎች መንገድ ዘግተውብኝ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ጋሼ ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢሳቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ። «አልሞተም?» አሉ።

«ምንም አልተሰማም፣ እማማ። የኔ ስህተት ነው።»

ስልካቸውን ከከረጢቱ አውጥተው አዩ፣ መልሰው ከተቱት። ከዚያ እግሬን ተመለከቱ። ሰዉ ሁሉ በዚያ ሰዓት የሚሰድቡኝን ስድብ እየጠበቀ ነው። እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ «ና ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» ብለው ወገቤ ላይ ጠቀለሉልኝ። ቤቴ የገባሁት እግሬን በእሳቸው ነጠላ ሸፍኜ ነው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ያን ዕለት አልቀለደችብኝም።

ነጠላውን አጥባ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ማግስቱን ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ሄደች። ጡሩምባውን ፈትቼ ጥዬዋለሁ። እማማ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«አላወቅክ፣ ምን ይቅርታ አለው» አሉ። «አንድ ነገር ልንገርህ ግን። ስህተት ነው ስትለኝ፣ ልጄ ሞቶ የተነሣ ነው የመሰለኝ። ቀብሬው ነበር እኮ። ከዚያ አንተ ያን እግርህን ይዘህ መጣህና መለስክልኝ።»

እህቴ ዓይኗን ጠረገች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«በሬን ግን ከእንግዲህ ሳይነጋ ለማንም አልከፍትም» አሉ እማማ። «ማንም ያንኳኳ ማን። ሁለተኛ እንዲያ ተሰብስባችሁ ማየት አልችልም። ጡሩምባህንስ በምን ተካኸው?»

የናቅኳትን ትንሽ ደወል ገዝቼ ነበር፤ አልኳቸው። አምጣትና አሰማኝ አሉ። ሳይክሏን አምጥቼ በአውራ ጣቴ ነካኋት፤ ቅጭልጭል አለች። እማማ ሳቁ። «ይቺስ ደግ ናት። እዚህ ስትደርስ ምታት። አንተ እንደሆንክ ልወቅ፤ በመንገድ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ አይውጣ።»

እንዲህ ሆነ። በየማለዳው እሳቸው በር ላይ ስደርስ ደወሌን እመታለሁ። መቀርቀሪያው ይንቋቋል፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ እማማ ብቅ ይላሉ። «ወዴት ነህ?» ይሉኛል። በአንኮበር መንገድ እስከ አፋፉ እላቸዋለሁ። «ምን ልታደርግ?» «ደርሼ ልመለስ።» «ደርሶ የሚመለስ ልጅ ይባረክ» ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ በፌስታል የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ኪሴ ውስጥ መክተት ጀመሩ። ከአንኮበር ብዙ ወዲህ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ፣ ቆላውን ቁልቁል እያየሁ የሳቸውን ቆሎ እቆረጥማለሁ። ስኳሬም ወረደ። ቁምጣውን ግን ትቼ ሱሪ ለብሼ ነበር የምነዳው፤ ሳይነጋ መውጣቱን ያላቆምኩት እማማ ስለሚጠብቁኝ ነው። ለሳይክሏ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የምኮራባት ያቺ ደወል ሆነች። በርግጥ አህዮቹ ዛሬም አይሰሟትም።

ክረምቱ አልፎ ውርጩ በተመለሰበት ሰሞን፣ አንድ ማታ የእድሩ ዳኛ ቤታችን መጡ። እህቴ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ከእማማ ልጅ ጋር የተሳፈረ አንድ የአገር ልጅ በሕይወት ተርፎ ለእማማ ዘመዶች ደውሏል አሉን። ጀልባዋ ከባሕሩ መሐል ተገልብጣለች። ልጁ የሞተው ያኔ ነው፤ ከባሕሩ ዳር በደወለ ማግስት። እኛ በስህተት ስናለቅስለት፣ ስህተት ነው ተብሎ እናቱ ሲስቁ፣ እሱ ሞቶ ነበር።

«መርዶው ነገ ሲነጋጋ ነው» አሉ ጋሼ። «ከዚህ ካለፈ ከሰው አፍ ትሰማዋለች። ያስቸገረን በሩ ነው። ሳይነጋ ለማንም አትከፍትም፤ ብናንኳኳ ወዲያው ታውቀዋለች። ውስጥ ሆና፣ በሩን እንደዘጋች፣ ብቻዋን ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ያንተን ደወል ስትሰማ ግን ራሷ ትወጣለች።»

«ጋሼ፣ ይሄን ከኔ አይጠይቁኝ» አልኩ።

«ታዲያ ከማን ልጠይቅ?» አሉኝ። የሚቆጡም አይመስሉም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተዋል።

እህቴን አየኋት። እንቢ እንዳልል፣ እማማ በተዘጋ በር ውስጥ መሬት ላይ ወድቀው ታዩኝ። እሺ እንዳልል፣ ያቺን ደወል ምታት ያሉኝ እንዳይደነግጡ ነበር። በመጨረሻ እሺ አልኩ። አፍሬ ነው እሺ ያልኩት፤ ያንን የመጀመሪያውን ጧት ያመጣሁባቸው እኔ ነኝና እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሲነጋጋ ሳይክሏን አልነዳኋትም፤ እየገፋሁ ወረድኩ። እህቴ ነጠላ አልብሳኛለች። ሄልሜቱን ላጥልቀው ብዬ ከቤት ይዤ ወጥቼ መሪው ላይ አንጠለጠልኩት። ሰዉ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ከአረንጓዴው በር ግራና ቀኝ አጥሩን ተጠግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። የነፍስ አባታቸው የሆኑት ቄስ መስቀላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘዋል። ሁሉም እኔን ያያል። በአውራ ጣቴ ደወሏን ነካኋት። እንደ ሌላው ቀን ቅጭልጭል አለች።

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። «ዛሬ ቀደምክ» የሚለው ድምፃቸው ከውስጥ መጣ። በሩ ገርበብ አለ። እማማ የተቋጠረውን ቆሎ በእጃቸው ይዘዋል። ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ የለበስኩትን ነጠላ አዩ። ዓይናቸው ከኔ ወደ ኋላዬ ሄደ፣ በአጥሩ በኩል አንድ በአንድ አለፈ፣ ቄሱ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደኔ ተመለሰ። አልጮኹም። ክንዴን ያዙኝ። ያዙኝ ሳይሆን ጨበጡኝ፣ በኃይል።

«ዛሬም ተሳስቼ ነው በላቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «እንደዚያ ጊዜው። ተሳስቼ ነው በልና ይሂዱ።»

ጋሼን አየሁ፣ ቄሱን አየሁ። የሚናገረው ከእነሱ አንዱ መሆን ነበረበት፤ ማታ የተባባልነው እንደዚያ ነው። ግን እማማ የያዙት የኔን ክንድ ነው፣ የጠየቁትም እኔን ነው፤ የክሊኒኩ መስኮትም ወረቀትም እዚህ የለም።

«ዛሬስ አልተሳሳትኩም፣ እማማ» አልኳቸው።